ከገደል ማዶ ያለው ተማሪዬ

ሰውነትን ማንቀሳቀስ ለጤና ይበጃል የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይህን የሚሉት ተቀምጠው ነው። እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ጽፌዋለሁ። ጋዜጣው የጤና ዐምድ በጎደለው ቁጥር እንቅስቃሴ ልብን ያጠነክራል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ጭንቀትን ያቀላል ብዬ እሞላውና ወገቤን በሁለት እጄ ደግፌ ከወንበሬ እነሣለሁ። አንባቢ ወገቤን አያይም። የጋዜጣ ጥሩ ነገሩ ይህ ነው።

ወደ መንዝና ግሼ ብቅ ብትሉ ግን ያ ዐምድ ለማን እንደሚጻፍ ግራ ይገባችኋል። እዚህ ሰው ለመንቀሳቀስ ብሎ አይንቀሳቀስም። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ገብስ ተሸክሞ ገበያ ይወጣል፣ የጠፋ በግ ፍለጋ ሁለት ጋራ ያቋርጣል፣ በጾም ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ይሰግዳል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ባለቤት አለው፤ ወይ የእህል ነው፣ ወይ የከብት፣ ወይ የእግዚአብሔር። የማንም ያልሆነ እንቅስቃሴ የሚያደርግ ሰው ካያችሁ፣ አንድም ታሟል፣ አንድም ከአዲስ አበባ መጥቷል። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

የግሼዋ ከተማ ራቤል ያለሁት ተመድቤ ነው፤ የጋዜጣው የወረዳ ዘጋቢ ነኝ። ለትክክለኛነቱ ያህል፣ ጠይቄ ነው የተመደብኩት። ስመጣ ባለቤቴ ከሞተች ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ልጅ የለንም። አዲስ አበባ ያለው ቤት ደግሞ ሦስት ክፍል ነው። መረጃው ይኸው ነው፤ ሌላ የምጨምርበት የለኝም።

ዐምና ወደዚህ የሚመጣውን መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች ሥራው ለምን እንደዘገየባቸው ልጠይቅ ካምፓቸው ወረድኩ። ፎርማኑ ስድሳ የሚጠጋው ቀጭን ሰው ነው። ከአማርኛ የሚያውቀው «ድንጋይ»፣ «ነገ» እና «ችግር የለም» ብቻ ነው፤ ለመንገድ ሥራ ይበቃል። ጥያቄዬን ሳልጀምር፣ ከመኪና ስወርድ ወገቤን መያዜን አየ። መጥቶ አቆመኝ፤ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ አላላው፣ እስከ ጆሮዬ የወጣውን ትከሻዬን ተጭኖ ወደ ቦታው መለሰው፤ ከዚያ «እየኝ» በሚል ምልክት ፊት ለፊቴ ቆመ።

የእንቅስቃሴው ስም ቺጎንግ ነው ብሎ የካምፑ አስተርጓሚ ነገረኝ። ስምንት እንቅስቃሴ ነው፤ አንዱ ሰማይን በሁለት መዳፍ ደግፎ ማቆም የሚመስል፣ አንዱ ቀስት መወጠር የሚመስል፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ እስከ እግር ጣት መድረስ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሁሉም በጣም ቀርፋፋ ነው። እጅ የሚወጣው በትንፋሽ ነው፣ የሚወርደውም በትንፋሽ። ሙያዬ ነውና ደብተሬን አወጣሁ።

«ምን ምን በሽታ ያድናል?»

ፎርማኑ ጥቂት አስቦ መለሰ። አስተርጓሚው፣ «ጠዋት የሚነሡበት ምክንያት ይሆንዎታል ነው የሚለው» አለኝ።

ደብተሬ ላይ «ማስረጃ የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ስለ መንገዱ መዘግየት ደግሞ ስጠይቀው «ድንጋይ» አለኝ።

ያም ሆኖ ወገቤ ወገቤ ነውና በማግስቱ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ጀመርኩት። አከራዬ እትዬ አሰገደች በረት ሊያጸዱ ሲወጡ ሰማዩን ደግፌ ቆሜ አገኙኝ።

«ጋሼ ጋዜጠኛ፣ ምን ሆኑብኝ?»

«ስፖርት ነው፣ እትዬ።»

«ስፖርትማ አውቃለሁ፤ ልጆቹ ኳስ ሲያባርሩ አይቻለሁ። ይኼ ሰው ሊወድቅ ሲል የሚያደርገው ነው።»

በሁለተኛው ቀን ጎንበስ ቀና ስል ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስግደትም ከሆነ ነውር የለውም። ግን ፊትዎን ወደ ምሥራቅ ያዙሩ። በዚያ በኩል ያለው የእኔ ሽንት ቤት ነው።» በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ በሙሉ አጥሩን ተደግፎ ነበር። አንዷ የበላሁት ነገር እንዳለ፣ ሌላዋ ያልበላሁት ነገር እንዳለ ተናገረች። በአራተኛው ቀን ሰው የማያየኝ ቦታ ፍለጋ ወጣሁ።

ከከተማዋ ሃያ ደቂቃ ያህል ራቅ ስትሉ መሬቱ ሳይነግራችሁ ያበቃል። አንድ ብቸኛ የአስታ ቁጥቋጦ አለ፤ ከሱ ወዲያ ገደል ነው። ማዶ ያለው አምባ ቅርብ ከመምሰሉ የተነሣ ሰው ቢያስል የምትሰሙ ይመስላችኋል፤ በእግር ግን ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። በማዶው አፋፍ ላይ አንዲት ጎጆ ለብቻዋ ቆማለች። ከሷ በቀር የጭላዳ መንጋና ንፋስ ብቻ ነው። ለሚያፍር ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ያየሁትን ልንገራችሁ፤ አልጨምርም። በመጀመሪያው ሳምንት ከወገቤ ሌላ ጉልበቴም ታመመ። በሁለተኛው፣ ከወንበር ስነሣ እጄ ወደ ወገቤ ሳይሄድ መቅረቱን አስተዋልኩ። በሦስተኛው ሌሊቱን ሳልባንን አነጋሁት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ትንፋሽን ስትከተሉ ሐሳብ የሚገባበት ቀዳዳ ያጣል፤ ቢያንስ ስምንቱ እንቅስቃሴ እስኪያልቅ ድረስ። ከዚያ በኋላ ቀኑ እንደ ወትሮው ነው። ገብስ ስንት እንደወጣ ትጠይቃላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ የምትነግሩት ሰው ወደሌለበት ክፍል ትመለሳላችሁ።

በዚሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው ማዶ አንድ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ያየሁት። ጋቢ የለበሰ ሰው ነው። እጄን ሳነሣ አነሣ። ስጎነበስ ጎነበሰ። ድንጋጤዬ ሲያልፍ ሆን ብዬ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ እሱም ቀነሰ። ሲጨርስ ምርኩዙን ከመሬት አንሥቶ እያነከሰ ወደ ጎጆዋ ገባ።

ተማሪ አገኘሁ!

እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። የቻይናን ጥበብ ለግሼ ገደል ያስተዋወቅኩ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ ቀደም እያልኩ እወጣ ጀመር፤ አስተማሪ አይዘገይም። ተማሪዬ አንድም ቀን አልቀረም። ማጎንበስ ያበዛል፣ የቀስቱን ነገር ያበላሻል፣ ነገር ግን ትጉ ነው። ውርጩ ሳሩን ነጭ ባደረገበት በኅዳር ወር ምርኩዙን ይዞ መምጣቱን እንደተወ አስተዋልኩ። ደብተሬ ላይ ከነቀኑ መዘገብኩት። እነሆ ማስረጃ! «ብቸኛው አዛውንትና ቺጎንግ» የሚል ርእስ ሰጥቼ ለአዲስ አበባው አዘጋጄ ደወልኩለት። ታሪኩን በሙሉ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ጥሩ ነው። ልማቱ ግን የቱ ጋ ነው?» አለኝ። በዚህ ዘመን ልማት የሌለበት ዜና አይወጣም። አስቤበት እደውላለሁ አልኩት።

ሳስብበት ታኅሣሥ ገባና ብርድ መታኝ። ትኩሳቱ አራት ቀን አላስነሣኝም። እትዬ አሰገደች የገብስ አጥሚት እያመጡ፣ «ይኸው እንግዲህ፣ ያ ገደል ነው» እያሉ ወቀሱኝ። አምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከደጅ የማላውቀው የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ።

«እመቤት፣ ልቅሶው በየት በኩል ነው?»

«የማን ልቅሶ?»

«የዚያ ጠዋት ጠዋት አፋፍ ላይ የሚቆመው ሰውዬ።»

«ውይ በሞትኩት! እሳቸውማ ብርድ መትቷቸው ተኝተዋል እንጂ መች ሞቱ?»

ሽማግሌው፣ «ተኝቷል?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ከደስታው ይልቅ ቅሬታው ይሰማ ነበር።

በሩን ገፍተው ገቡ። ሰባውን ያለፉ፣ ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው የለበሱ፣ እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ የጠጣ ሰው ናቸው። ከበላዬ ቆመው ከራስ እስከ እግር አዩኝ።

«አለህ?»

«አለሁ፣ አባቴ።»

«እኔ ገደል ወርጄ ገደል ስወጣ አንተ ብርድ ልብስ ውስጥ!» አሉና እግዚአብሔርን አመስግነው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ስማቸው አቶ ወንድይራድ ነው። ከብብታቸው አንድ ቋጠሮ አውጥተው ፈቱት፤ ንፍሮ ነው። ስንዴና ባቄላ፣ ለልቅሶ ቤት ተብሎ የተቀቀለ። «ባዶ እጄን አልመጣ ብዬ ነው። ራሴ ስለቀቀልኩት አልበሰለ እንደሆን ይቅር በለኝ። በል ብላ፣ ተመልሶ አይሄድ።»

በላሁ። ብዙ ጋዜጠኛ ብዙ ነገር ቀምሷል፤ የገዛ ልቅሶውን ንፍሮ የበላ ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም። ባቄላው በእርግጥም አልበሰለም ነበር።

እሳቸውም አብረውኝ እየቆረጠሙ ሳለ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ጠየቅኳቸው። «ወገብዎ እንዴት ነው? ስፖርቱን ከጀመሩ ወዲህ ማለቴ ነው።»

«የቱን ስፖርት?»

«ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር የሚሠሩትን።»

አቶ ወንድይራድ ንፍሮውን በመዳፋቸው እንደያዙ አዩኝ። «እኔ ሰላምታህን ስመልስ ነው የከረምኩት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን እንዳሉት እጽፈዋለሁ።

«መጀመሪያ ጭላዳ የምታባርር መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ደግሞ የምትጣራ መሰለኝ። ገበያ ስወጣ አንዷን ብጠይቃት፣ ‹የከተማ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነው የመጣው፤ አንድ ጠያቂ የለውም› አለችኝ። ወይ ጉድ፣ ሰው ሰላም የሚለው ቢያጣ ለገደል እጅ ይነሣል አልኩ። ታዲያ እጅ የነሣህን ሰው ዝም ትላለህ? ስምንት ጊዜ ነሣህ፣ ስምንት ጊዜ መለስኩ። ሰላምታህስ ረጅም ነው፣ አልደብቅህም፤ ወገብ ይጨርሳል። የከተማ ወግ ይሆናል ብዬ ቻልኩት።»

«ምርኩዙንስ ለምን ተዉት?»

«በአንድ እጅ እጅ አይነሣማ!»

የደብተሬ ማስረጃ እንዲህ አለቀ። ዘጋቢ ግን ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም። «ጤናዎ ምንም አልተሻለዎትም?»

«ተሻለኝ እንጂ። እንቅልፍ መለሰልኝ፣ እግሬም ተፍታታ። ይኸው ገደሉን ወጣሁት አይደል? ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በጠዋት የሚያስነሣኝ ጉዳይ አልነበረኝም። በጎቹ እንደሆኑ ውርጩ ሳይቀልጥ አይሠማሩም፤ ልጆቹም በየፊናቸው ሄደዋል። አሁን ግን ያ ምስኪን ይጠብቀኛል እያልኩ እነሣለሁ።»

ምስኪን ያሉት እኔን ነው። እኔ ለጋዜጣ «ብቸኛው አዛውንት» ብዬ የጻፍኩት እሳቸውን ነው። ሁለታችንም የተሳሳተ ነገር አልተናገርንም።

እደሩ ብንላቸው በጎቹን የሚያስገባልኝ የለም ብለው ተነሡ። ጋቢያቸውን ወደ ወጉ መልሰው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ነገ ትወጣለህ?»

«እወጣለሁ።»

«ካመመህ አትውጣ። ግን አሳውቀኝ። ይህች ሴትዮ አስታው ላይ ነጠላ ትስቀልልኝ። ነጠላ ካየሁ ታሟል እላለሁ። ምንም ካላየሁ ንፍሮ እቀቅላለሁ።»

«እኔ እሰቅላለሁ፣ ግድ የለም» አሉ እትዬ አሰገደች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቁ።

በማግስቱ እንደምንም አፋፉ ላይ ደረስኩ። ማዶ ሰው የለም። ደክሟቸው ተኝተው ይሆናል አልኩ። ፀሐይ ወጣች፤ ውርጩ ቀለጠ፤ በጎች ከጎጆዋ ጓሮ አልወጡም፤ ጭስም የለም። ያን ገደል በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ በሰባ ዓመት ጉልበት። በእኔ ምክንያት። ማዶ ያለውን አስታ ሁሉ በዓይኔ ፈለግኩ፤ ነጠላ የለም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ እዚያ ማን ይሰቅልላቸዋል? ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ ትናንት ይህን አንድ ነገር ሳልጠይቃቸው ሸኘኋቸው። ቁልቁል የሚወርደውን የእግር መንገድ በዓይኔ ለካሁት። ለመውረድ ጫማዬን አጠበቅኩ።

በሩ ተከፈተ። ነጩ ጋቢ ወጣ፤ ምርኩዝ ይዟል። አፋፉ ጋ ሲደርስ ምርኩዙን መሬት ላይ አጋደመና ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። አንዴ ብቻ። የቀረውን ሰባት ማረኝ እንደ ማለት ወገቡን ያዘ።

እኔ ስምንቱንም ሠራሁ። ሠራሁ ማለቱ ይቅርና፣ ስምንት ጊዜ እጅ ነሣሁ።

ለአዘጋጄ እስካሁን አልደወልኩለትም፤ ልማቱ የቱ ጋ እንደሆነ አላገኘሁትም። መንገዱም አላለቀም፤ ቢያልቅም ያን ገደል አይሻገርም። እኔ ግን ከዚያ ሳምንት ገበያ አንድ ጣሳ ስንዴና ባቄላ ገዝቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ። ማዶው ጭጋግ ለብሶ ሦስት አራት ቀን ሲዘጋብኝ ጣሳዋን አየት አደርጋታለሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አልቀቀልኩትም። ስለ ቺጎንግ ጥቅም በእጄ ያለው የተረጋገጠ መረጃ ይኸው ነው።