ስፖርት መኪና ከነጭዱ

ሰው ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ ጎማውን በእግሩ የሚመታው ለምንድን ነው? ልብ ብላችሁ አይታችሁ እንደሆነ እንጃ። ሥራ አስኪያጁም ሸማኔውም አንድ ናቸው። እጁን ኪሱ ከተት ያደርግና ጎማውን በርግጫ ዷ! ጎማው ምን አጠፋ? ምን ብሎስ እንዲመልስለት ነው? እኔም ባንድ ወቅት አሥራ አንድ መኪና መትቻለሁ። ጫማዬ አፉን ከፈተ እንጂ ስለ መኪና የጨመርኩት እውቀት የለም።

ዛሬ ዛሬ ያገለገለ መኪና ስለ መግዛት የማይመክር ሰው የለም። ያልገዛው ሁሉ ይመክራል። እኔ ግን ገዝቻለሁ። ያውም ስፖርት መኪና፣ ያውም በደርግ ጊዜ፣ ያውም አቃቂ። ስፖርት መኪና ስላችሁ ቀይ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላትን ማለቴ ነው። ጊዜው ደግሞ ቤንዚን በኩፖን የሚቀዳበት ነበር። ጫማው ካብለጨለጨ አድኃሪ የሚባልበት ጊዜ ነው። ጤነኛ ሰው በዚያን ጊዜ በግ ይገዛ ነበር።

ታዲያ እኔን ምን ነካኝ? እኔንማ ምንም አልነካኝም። ሽማግሌ ነው የነካኝ።

አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ጥሩወርቅ ደግሞ ሽመና ክፍል ትሠራለች። ወደድኳት። እሷም እንደማትጠላኝ ከአስተያየቷ ገባኝና ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ መንገሻ ነበሩ። የልጅቷ አባት አቶ ገብረየስ ሳሪስ አቦ አጠገብ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን አስቀመጡና “ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?” ብለው ጠየቁ።

ጋሽ መንገሻ ጨነቃቸው። እውነት ለመናገር ምን ይበሉ? ቤቱ የቀበሌ ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው። የምሠራበት ማሽን የሰፊው ሕዝብ ነው። አሰቡ አሰቡና “ቀይ ስፖርት መኪና አለው። ቤቱ ገብቼ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ” አሉ።

አልዋሹም እኮ! አልጋዬ ራስጌ ግድግዳው ላይ ከካላንደር የቆረጥኳት ቀይ መኪና ተለጥፋ ነበር።

አቶ ገብረየስም “እንግዲያው ልጄ በዚያች መኪና ትወጣለች። እኔ የባቡር ሰው ነኝ፤ የተባለው በተባለበት ሰዓት ካልመጣ ጉዞው ተሰርዟል ማለት ነው” ብለው ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ ቆረጡት። አምስት ወር ቀርቶታል። ጋሽ መንገሻ ጋ ሮጥኩ። “ምን ነካዎት ጋሼ? መኪና ከየት ላመጣ ነው?” ብላቸው ተቆጡኝ። እኔ ልጅቷን አምጥቼልሃለሁ፣ አንተ መኪናዋን ማምጣት ያቅትሃል ወይ አሉኝ። ምን ትመልሳላችሁ? ፍለጋ ወጣሁ።

እንግዲህ መኪና ስትፈልጉ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ ይባላል። እኔም ሰይድን ይዤ ሄድኩ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው። ኤንትሬ የምትባለዋን የጭነት መኪና ይዞ አሥራ አምስት ዓመት አሰብ የተመላለሰ፣ የሚሰግድ፣ የታመነ ጓደኛዬ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? መኪና ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ኩንታል ትጭናለች? ስፖርት መኪና ጭነት የላትም አልኩት። ትንሽ አሰበና “ታዲያ ምን ልታደርግ ነው የምትሄደው?” አለኝ።

ሳሪስ ያለ አንድ ደላላ ክፍት መኪና አገኘሁልህ ብሎ ጠራን። ሄድን። ቮልስ ናት! ጣሪያዋን በመጋዝ ገዝግዘው ጥለውታል። የኋላ ወንበሯ ላይ ሣር በቅሏል። ዝናብ ሲመጣስ ብዬ ብጠይቀው “ክረምት ክረምት አትነዳትም” አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። ቃሊቲ ደግሞ አንዲት ሰማያዊ አየን። ከሩቅ ታምራለች። ሰይድ ደገፍ ቢላት ክንዱ እስከ ክርኑ ሰምጦ ገባ። ላሜራው ዝጎ አልቆ፣ ሰውየው በስቱኮ ለስኖ ቀለም ቀብቷታል። ባለቤቱ እኛኑ ተቆጣን። በር አትደገፉ አልተባላችሁም ወይ ብሎ!

ሁለት ወር እንዲህ አለቀ። በሦስተኛው ወር፣ ከወንዙ ማዶ፣ አቶ ደበላ ግቢ ጭድ ሥር አንዲት ቀይ መኪና እንዳለች ሰማሁ። ሰማሁ ማለቴ ራሱ ያሳፍራል። ከእኔ በስተቀር አቃቂ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። አቶ ደበላ ዱሮ የአንድ ጣሊያን መካኒክ ነበሩ። ጣሊያኑ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ መኪናዋን ሰጥቷቸው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ። እሳቸውም ቡርዧ እንዳይባሉ ፈርተው የጭድ ክምር ሠሩባት። በየዓመቱ አዲስ ጭድ ይጨምራሉ።

ሄድኩና “አባባ፣ መኪናዋን ይሽጡልኝ” አልኳቸው።

“የምን መኪና?”

“ጭዱ ሥር ያለችዋን።”

“ጭድ ሥር ያለው ጭድ ነው ልጄ።”

በሳምንቱ ተመለስኩ። ያው መልስ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ላማቸው ጭዱን በልታ በልታ የጎማዋ መሸፈኛ፣ ቀዩ ፓራፋንጎ ወለል ብሎ ይታያል። አቶ ደበላ ስለ ዘንድሮ ዝናብ እያወሩኝ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጣል አደረጉበት። ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም። አሁን እንዲህ ዓይነቱን ሰው በምን ታግባቡታላችሁ? አለኝ የማይለውን ዕቃ እንዴት ሽጥልኝ ይሉታል?

ዘዴውን ያመጣው ሰይድ ነው። ጭዱን ግዛ አለኝ። ተመልሰን ሄድንና “አባባ፣ ጭድ ይሸጣሉ?” አልኳቸው።

“እሸጣለሁ እንጂ።”

“ከነሥሩ?”

እኔን አዩኝ። ሰይድን አዩት። አጥሩን አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ከነሥሩ ከሆነ ዋጋው ይለያል” አሉ።

ውሉ ሦስት ምስክር የፈረመበት ነው። የተሸጠው ዕቃ “አንድ ክምር ጭድ ከነሥሩ” ይላል። ጭዱን ስናነሳ አይጥ፣ እንቁላል፣ አንድ የጠፋ ማጭድና መኪናዋ ወጡ። ሰይድ ካንዴላዋን ቀየረ፣ ነዳጅ መስመሯን በአፉ እፍ እያለ አጸዳ፣ ሁለት ሳምንት ከሥሯ አልወጣም። የተነሳች ዕለት አቶ ደበላ አለቀሱ። ስንት ዓመት አጠገቧ ተኝተው አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ ላይ ተቀምጠውባት አያውቁም። እስቲ አንዴ አሉና ገብተው መሪውን ያዙ። አልነዷትም፤ ዝም ብለው ያዙት።

የቀረው ቀበሌ ነው። ጓድ ሊቀመንበሩ መዝገባቸውን ገልጠው ይህች መኪና ስንት ሰው ትይዛለች አሉኝ። ሁለት አልኳቸው። “ሁለት ብቻ? ሰፊው ሕዝብስ?” አሉ። ሰፊው ሕዝብ በጭነት መኪና ይከተላል፣ እርስዎም ተጠርተዋል አልኳቸው። ይህን ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። የባለቤትነት ማዛወሪያ ደብዳቤውን ጻፉልኝ። የቤንዚን ኩፖንም ፈቀዱልኝ፣ ግን ከሳሪስ አቃቂ አድርሶ ጥቂት የሚተርፍ ያህል ብቻ። ለምኜ ለምኜ ሊትር አልጨመሩም። በልቤ ስንት እንደተራገምኩ እኔ አውቃለሁ።

ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ መንገሻ የአጀቡን ነገር ሊያስተካክሉ ሰበሰቡን። ኤንትሬዋ ሰዉን ትጭናለች፣ ስፖርት መኪናዋ ከፊት ትሄዳለች። ተስማማን። “ሹፌሩ ማነው?” አሉ።

“እኔ ነኛ” አልኩ።

“አንተማ ሙሽራው ነህ።”

“አዎ፣ ሙሽራውም እኔ ነኝ።”

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ መንገሻ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ሆነው ተናገሩ። ሙሽራ መኪና አይነዳም። ሚስቱን ራሱ ነድቶ የሚያመጣ ሙሽራ ዘመድ የሌለው፣ ሰው የራቀው ነው። አቶ ገብረየስ ይህን ቢያዩ ልጄን ለብቸኛ ሰው ሰጠኋት ብለው ያዝናሉ። እውነታቸውን ነው! አንድ ወንበር ለሹፌር፣ አንድ ወንበር ለሙሽሪት። ሙሽራውስ? አምስት ወር ሙሉ ጎማ ስመታ ወንበር መቁጠር ትዝ አላለኝም። የሠርግ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይሄ ነው። እንተዋት እንዳንል አቶ ገብረየስ ያችኑ መኪና በሰዓቷ ይጠብቃሉ።

ብዙ ተመከረ። የመጀመሪያው ሚዜ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ታጥፈህ ተኛ አለኝ። በመጨረሻ ጥሩወርቅን ሰይድ ነድቶ እንዲያመጣት ተወሰነ። የታመነ ነው፣ ባለትዳር ነው፣ የመኪናዋንም ጠባይ የሚያውቅ እሱ ነው። ኤንትሬዋን ወንድሙ ይማም ይይዛል። እኔ ከይማም ጎን።

እናም ሠርጌ ዕለት ነጭ ሱፍ ለብሼ፣ አበባ ደረቴ ላይ ሰክቼ፣ ጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። አቶ ገብረየስ ቀይዋን መኪና አይተው ባርኔጣቸውን አነሱላት። እኔን ያዩኝ አልመሰለኝም። ከሳሪስ ወጣን። ከፊታችን የጥሩወርቅ ዓይነ ርግብ በነፋሱ ይውለበለባል። መጀመሪያ ዞር እያለች እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር። ቃሊቲ ስንደርስ ዞር ማለቷን ተወች። እኛ ሰፊውን ሕዝብ ጭነን እናቃስታለን። ዓይነ ርግቡ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጠፋ። “ቀድመው ሊጠብቁን ነው” አለኝ ይማም፣ ሳያየኝ።

አቃቂ ደረስን። ዳሱ ሞልቷል፤ እልልታው ቀለጠ። ከኤንትሬዋ ዘልዬ ወረድኩ። እናቴ ከኋላዬ አየች። ከጎኔ አየች።

“ሙሽሪትስ?”

“አልደረሰችም እንዴ?”

እልልታው እመሐል ላይ ተቆረጠ። የፈሩት ይደርሳል! ወሬው ዳሱን ሲዞር ስፖርት መኪናዋ ሰፈራችንን አልፋ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ስትበር ያየ ሰው ተገኘ። እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ሚዜዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የማያውቁን ሴቶች ሁሉ አብረው አለቀሱ፤ እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳል። የኤንትሬዋን ጎማ ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጥሩወርቅን ካጣሁ ምን ቀረኝ? ጋሽ መንገሻ ትከሻዬን ይዘው አጽናኑኝ። “አይዞህ፣ መኪናዋ በአንተ ስም ናት” አሉኝ።

ሊቀመንበሩ አብዮት ጥበቃ ልላክ ሲሉ፣ በዱከም በኩል አቧራ ተነሳ። ከፊት ጋሪ የሚጎትት ፈረስ። ከጋሪው ኋላ በገመድ የታሰረች ቀይ መኪና። ከመኪናዋ ኋላ ላብ ያጠመቀው ሰይድ፣ እየገፋ። መሪው ላይ ጥሩወርቅ! ዓይነ ርግቡ የለም። ፀጉሯ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ነጭ ጓንቷን እንዳደረገች መሪውን ጨብጣ ትስቃለች።

“ወላሂ ፍሬን እምቢ አለኝ!” አለ ሰይድ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ጠበቅን፣ ዱከም መግቢያ ላይ አለቀ አለ። ሽማግሌዎቹ አምላክን አመሰገኑ። ሊቀመንበሩ ብድግ ብለው ኩፖኑን የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ ብጨምርለት ኖሮ ናዝሬት ይገቡ ነበር አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ። ለቤንዚን ራሽን የተጨበጨበው በአገሩ ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ሠርጉም መልሱም በሰላም አለፈ። ካለፈ በኋላ ፍሬኑን ልጠግን መኪናዋ ሥር ገባሁ። መካኒክ አይደለሁ? ፈተሽኩት፤ ምንም የለውም። ነዳኋትና ብረግጠው ግንባሬ መስታወቱን ሊመታ ደረሰ። ቤት ገባሁና “ፍሬኑ እኮ ደህና ነው” አልኳት ጥሩወርቅን።

“አውቃለሁ” አለችኝ።

“ታዲያ?”

“ሰይድማ ሊታጠፍ ነበር። እኔ ነኝ ቀጥል ያልኩት።”

“አልፈራሽም?”

“የፈራሁትስ ሲቆም ነው” አለችና “ሌላ ኩፖን የሚሰጡህ መቼ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

በሳምንቱ መኪናዋን ለሽያጭ አቀረብኩ። ከደብረ ዘይት አንድ ሰው መጣ። ሞተሯን ሰማ፣ ወደደው። በሯን ከፍቶ ዘጋ፣ ወደደው። ዞር ዞር አድርጎ ነዳትና ቁልፉን እንደያዘ ተጠራጠረ። ሞተሯ ደህና፣ ላሜራዋ ደህና፣ ፍሬኗ ደህና፤ ታዲያ ምን ሆነህ ነው የምትሸጣት አለኝ።

“ሚስቴ ወደደቻት” አልኩት።

ሰውየው ቁልፉን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ለካ እሱም ባለትዳር ኖሯል።