ሁለተኛውን የጭንቅላት ምስል የከለከልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት አንድ አባት ኮፊያቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አጎነበሱና "በይ ቁጠሪው" አሉኝ።

ምኑን?

ጭንቅላታቸውን።

ቆይ፣ መብራት ሳይሄድ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሸዋ ሮቢት ቬንትሌተር ፊት ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ላቤ ግን ዛሬ ከሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ሥራዬ ከጤና መድን ጋር ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ ግማሾቻችሁ እዚያው ናችሁ። ሆስፒታሎች የኛን አባላት ካከሙ በኋላ ዝርዝሩን ይልኩልናል። እያንዳንዱ ሕክምና የራሱ ኮድ አለው፤ ለደም ምርመራ አንድ ቁጥር፣ ለራጅ ሌላ ቁጥር። እኔ ኮዱን አያለሁ፣ ከመመሪያው ጋር አስተያያለሁ፣ ከዚያ "ይከፈል" ወይም "አይከፈል" እላለሁ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ስለ ሰው ገላ የማውቀው ራሴን ሲያመኝ ማስታገሻ መዋጥ ብቻ ነው።

እና ባለፈው ወር አንድ ፋይል እጄ ገባ።

አዲስ አበባ ካለ ሆስፒታል የመጣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ነበር። የጭንቅላት ምስል ኮድ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ምስል። ከሁለተኛው አጠገብ ደግሞ በእስክሪብቶ "በኦፕሬሽን ላይ እንዳለ የተነሳ" ተብሏል።

በኦፕሬሽን ላይ? ሰው ጭንቅላቱ ተከፍቶ ይነሳል እንዴ? ሰርግ ነው?

እኔ ደግሞ ነቄ ነኛ። ማህተሜን አንስቼ "ድግግሞሽ" ብዬ መታሁበት። ፋይሉ ታገደ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። አላበቃም፤ አርብ ግምገማ ላይ ተነስቼ ተናገርኩት። "የሕዝብ ሀብት በኪራይ ሰብሳቢዎች እንዳይመዘበር በንቃት ታግያለሁ" አልኩ። በዚህ አፌ። ተጨበጨበልኝ። የ1ለ5 ቡድናችን ሞዴል ተባለ። ሓላፊያችን አቶ ተሾመ ለዞን በሚላከው ሪፖርት ውስጥ አስገቡት። ሰርተፊኬት ይዤ የተነሳሁትን ፎቶ እዚሁ ገጽ ላይ ላይክ ያደረጋችሁልኝ፣ ላይካችሁን መውሰድ ትችላላችሁ፣ አልቀየምም።

ወደ ዛሬ እንመለስ።

ያጎነበሱት አባት ጋሼ ሙሄ ይባላሉ። ከጀውሃ ወዲህ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። የታገደው ፋይል የሳቸው ነው። ከጆሯቸው በላይ ተነስቶ እስከ ማጅራታቸው የሚሄድ ጠባሳ አላቸው፣ እንደ ጆንያ አፍ የተሰፋ።

"አንድ ነው ወይስ ሁለት?" አሉኝ።

"አንድ ነው ጋሼ።"

"እኔም አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ታዲያ የሁለት ጭንቅላት አስከፈለ ብሎ የጻፈብኝ ማነው?"

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ተጣጥፎ የላበው ወረቀት አወጡ። ቀጠሮ ነው፣ የነገ ጠዋት። ከጭንቅላታቸው የወጣው እጢ ተመልሶ እንደሆነ የሚታይበት። ይህ ካለፈዎት ሌላ ቀጠሮ ከስንት ወር በኋላ እንደሚገኝ አናውቅም ብለዋቸዋል። ለመሄድ ደግሞ ከኛ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በታገደ ፋይል ላይ ደብዳቤ አይጻፍም። የመጨረሻው የአዲስ አበባ ሚኒባስ ከመናኸሪያ የሚወጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ይህን ስንነጋገር አራት ተኩል ሆኗል።

ሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ገና ሳልጨርስ ገባት።

"እህቴ፣ እናንተ መመሪያ ላይ በኦፕሬሽን ጊዜ ለሚነሳ ምስል ኮድ የለም። ምን ላድርግ? ያለውን ኮድ ደገምኩና አጠገቡ ምን እንደሆነ በእጄ ጻፍኩልሽ። አላነበብሽውም?"

አንብቤዋለሁ። የሚያሳፍረው እሱ አይደል?

ስልኩን ዘግቼ "ግን ለምን ሁለት ጊዜ ያነሱታል?" አልኩ፣ ለራሴ ያህል። ጋሼ ሙሄ መለሱልኝ።

"ልጄ፣ የውሃ ቦይ ጠርገሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ከላይ ቆመሽ ደለሉ የት እንደተኛ ታዪያለሽ። ገብተሽ መቆፈር ስትጀምሪ ግን ውሃው ይደፈርሳል፣ ጭቃው ቦታ ይለቃል፤ ቅድም ያየሽው ቦታ አሁን ሌላ ነው። ደግመሽ ካላየሽ ምን ያህሉን እንዳወጣሽ በምን ታውቂያለሽ?"

እኔ ለዚህ ሥራ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ሠልጥኛለሁ። አበል በልቻለሁ፣ ሻይ በብስኩት ጠጥቻለሁ። አንድም ሰው እንዲህ አላስረዳኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ወደ አቶ ተሾመ ሮጥኩ።

"በቡድን የጸደቀ ውሳኔ የሚሻረው በቡድን ነው" አሉኝ፣ መነጽራቸውን ሳያነሱ። "ግለ ሂስ ታቀርቢያለሽ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ከዚያ እፈርማለሁ።"

የቡድኑ አባላት ሁላችንም እስክንሰበሰብ ስድስት ሰዓት አለፈ። ኮሪደሩ ላይ ፀሐይ ስለገባ ጋሼ ሙሄን ውስጥ አስገባናቸው። በሩ አጠገብ ኮፊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ።

የማላውቀውን ነገር አለመጠየቄን ተናገርኩ። መቸኮሌን ተናገርኩ። መጎረሬንም ተናገርኩ። እንደምንም ጨረስኩ።

አንዱ ባልደረባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ግለ ሂሱ ጥልቀት ይጎድለዋል። የአመለካከት ችግር ነው ወይስ የክህሎት? መለየት አለበት።"

ሌላዋ "የሁለቱም ነው" አለች። ቀጥለው ተከራከሩበት። እናንተዬ፣ በኔ ድንቁርና ዓይነት ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ተወያዩ። እኔ የማየው የግድግዳውን ሰዓት ነው። ሰባት ሆነ። ሰባት ከሩብ ሆነ። ባንደኛው ድንቁርና ይሁንልኝና ፈርሙ ብዬ ልለምናቸው ነበር።

"ሌላ አስተያየት ያለው?" አሉ አቶ ተሾመ።

ጋሼ ሙሄ እጃቸውን አወጡ።

አቶ ተሾመ ግራ ተጋቡ። ለእንግዳ ዕድል ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚል መመሪያ የለም መሰለኝ። "ይናገሩ" አሏቸው።

"እኔ ስብሰባ አላውቅበትም" አሉ ጋሼ ሙሄ። "ይህችን ልጅ ግን ተዉአት፣ ቀልጣለች። ሐኪሙ የነገረኝን ልንገራችሁና ልሂድ። ራሴን ከፍተው ያዩትን ሁሉ አወጡ። ጨርሰናል ብለው ሊሰፉኝ ሲሉ በማሽኑ ደግመው አዩት። ለካ ጥግ ላይ ይህችን የምታህል ቀርታለች።" የትንሿን ጣታቸውን ጫፍ አሳዩ። "እሷንም አወጧት። ሁለተኛው ምስል እሱ ነው።"

ቃለ ጉባኤ የምትይዘዋ ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ጋሼ ሙሄ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

"አልሃምዱሊላህ፣ ያን ቀን ማህተምሽን ይዘሽ እዚያ አልነበርሽም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ተሾመ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ እየሳቅኩ ጀመርኩና መሃል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ። ሰውየው እኮ ልጆች አሏቸው። ያልታረሰ ማሳ አላቸው። እኔ ደግሞ ያቺን የጣት ጫፍ የምታህል ነገር የታየችበትን ምስል "አይከፈል" ብዬ ተጨብጭቦልኛል።

ተፈረመ። ደብዳቤውን ይዤ ራሴ ባጃጅ አስቁሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ሞልቶ አንድ ቦታ ቀርቶት ነበር። ረዳቱ እየተቆጣ ሳለ ጋሼ ሙሄ ተረጋግተው እጄን ያዙና "አላህ ዕድሜና ዕውቀት ይስጥሽ" ብለው መረቁኝ። ዕውቀት የምትለዋን ጠበቅ አድርገዋታል፣ ሰምቻለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ጣርማ በርን አልፈው ይሆናል። ነገ ውጤታቸው ደህና እንዲሆን ሁላችሁም በየእምነታችሁ ጸልዩላቸው፣ እኔ ከሰዓቱን ሁሉ ሌላ ነገር አላደረግኩም።

አይ፣ ውሸት ነው። አንድ ነገር አድርጌያለሁ።

ወደ ቢሮ ተመልሼ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ "ድግግሞሽ" ያልኳቸውን ፋይሎች ከካቢኔቱ አወጣሁ። ጠረጴዛዬን ሸፈኑት። ብዙዎቹ ላይ ከኮዱ አጠገብ በእጅ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። አንዱ ካራቆሬ አካባቢ ያሉ እናት ናቸው። አንዱ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ጋሼ ሙሄ እግርም ምላስም አላቸው፣ መጥተው ተከራከሩኝ። እነዚህ አልመጡም።

ነገ ጠዋት አንድ በአንድ ልደውልላቸው ነው። ስልካቸውን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ የጨነቀኝ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ናት። የምታውቁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ እስቲ፦ "ጤና ይስጥልኝ፣ ሕክምናዎን የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ እንዴት ነዎት?" ተብሎ ይጀመራል?