ፏፏቴው ከፕሮግራሙ የተሰረዘበት ቀን

እንግዳ በመቀበል ባሕር ዳርን የሚስተካከል ከተማ ካለ፣ ተርፈው የተመለሱ እንግዶች ይመስክሩ። የእኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከባሕር ዳርም ይብሳል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ከስድስተኛው የአብዮት በዓል ማግሥት የሆነውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ባልደረባችን ክንዱ ቡልጋሪያ ሲማር ቤታቸው ያስጠጉት፣ እንደ ልጅ ያዩት ሰዎች ነበሩ። አባትየው ስቶያን፣ እናትየው ኢቫንካ፣ ልጃቸው ራዳ። እነዚህ ሰዎች ለዕረፍት ሀገራችንን ሊያዩ መጡ። ክንዱም ጢስ ዓባይን ሊያሳያቸው የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀ። ጥፋቱ ይኸው ነው።

«ከሶሻሊስት ሀገር የመጣ እንግዳ የግል እንግዳ ሊሆን አይችልም!» አሉ ሊቀ መንበራችን ጓድ ዳኘው። «እንግዳው የሰፊው ሕዝብ ነው። ፈቃዱ ተከልክሏል፤ አቀባበሉ ግን ተፈቅዷል።»

ወዲያው የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም ተመረጥሁ። ፏፏቴው በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ፏፏቴ ንግግር ስለማያደርግ፣ መፈክርም ስለማያሰማ፣ ከአብዮቱ በፊትም ይፈስ ስለነበር የአብዮቱ ፍሬ ነው ማለት ስላስቸገረ፣ በሙሉ ድምፅ ተሰረዘ። እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነኝ።

እንግዶቹ ከጎንደር በአውቶቡስ ሲመጡ ሐሙሲት ላይ ጎማ ተንፍሶ ፀሐይ ሲጠብሳቸው ውሎ፣ አመሻሽ ላይ ገቡ። ጠዋት ዓይናቸውን ሳይገልጡ የኪነት ቡድናችን በመስኮታቸው ሥር ከበሮ መታላቸው። ራዳ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት ታነክሳለች። ከአማርኛ የምታውቀው ቃል «ዓባይ» ብቻ ስለነበር፣ ለሚጨብጣት ሰው ሁሉ «ዓባይ?» ትለዋለች። ሰውም ያጨበጭብላታል።

አዳራሹ ጣና ዳር ነው። ሐይቁ የእንግዶችን ሐሳብ እንዳይበትን መስኮቶቹን በቀይ ጨርቅ ሸፍነናል። ጓድ ዳኘው የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። ቀጥሎ የመክፈቻውን ንግግር የሚያመሰግን ንግግር ተደረገ። ስቶያን ደጋግሞ እያንቀላፋ በጭብጨባ ይነቃል።

ክንዱ ጎንበስ ብሎ ወደ ሊቀ መንበሩ ሄደ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሰዎቹ እጅግ ደክሟቸዋል። ልጅቱም ፏፏቴውን ብቻ አይታ መመለስ ነው የምትፈልገው። ነገ ጠዋት በአውሮፕላን ይሄዳሉ።»

«ይሉኝታ ነው!» አሉ ጓድ ዳኘው። «አንተስ አማትህ ቤት ስትጠራ ‹በላሁ፣ ጠገብሁ› አትልም?»

«እላለሁ።»

«ጠግበህ ነው?»

ክንዱ አሰብ አድርጎ «አይደለም» አለ።

«እንግዲያው! እነዚህ ሰዎች እንዴት ያሉ ጨዋዎች ናቸው! አንድ ንግግር ይጨመርላቸው።»

ከዚያ በኋላ ሥራው በሥርዓት ሄደ። እንግዶቹ «ደከመን» ባሉ ቁጥር ንግግር፣ «ጠገብን» ባሉ ቁጥር ወጥ ተጨመረ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያልን የጣናን ዓሣ ከነእሾሁ አጎረስናቸው። የኅብረት ሱቃችንንም አሳየናቸው፤ የሚጋርደው ዕቃ ስላልነበረ መደርደሪያው ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። እኛም ብንሆን ጉልበታችን ከድቶናል፤ ግን እንግዳው ሳይሄድ ደከመኝ ማለት ነውር ነው።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ ራዳ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። «ዓባይ» አለች። ዛሬ ካላየችው መቼም አታየውም። አንጀቴን በላችው። አንጀት ግን የኮሚቴ አባል ስላልሆነ ፕሮግራሙን ማገላበጥ ቀጠልሁ።

«በደስታ አለቀሰች!» አሉ ጓድ ዳኘው።

ያኔ ኢቫንካ ፊቷ በርበሬ መስሎ ብድግ አለች። እጇን እያወናጨፈች ለክንዱ አንድ ነገር ነገረችው። ክንዱ አመነታ።

«ምን አሉ?»

«‹አልበቃንም› ነው የሚሉት፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ‹ገና ምኑ ተነካና! ምግቡም፣ ንግግሩም፣ ዘፈኑም ይጨመር!› ይላሉ።»

በሀገራቸው እንዲህ የሚባለው ሰው ምርር ሲለው ነው። ክንዱ ቃሉን ተርጉሞ ምሬቱን ተወው።

 «ጨምሩልኝ» የሚል እንግዳ በከተማችን ታይቶ አይታወቅም። «ኧረ ይሉኝታ የሚባል የላቸውም!» አለች ከኋላዬ አንዲት ጓዲት። ጓድ ዳኘው ወደ ጓዳ ላኩ፤ ድስቱ ታጥቧል። ወደ ኪነት ቡድኑ ላኩ፤ የድምፃዊው ጉሮሮ ተዘግቷል። ተናጋሪ ፈለጉ፤ ያልተናገረ ሰው ጠፋ። ጨምሩ ያለን እንግዳ በባዶ መመለስ ደግሞ ከሞት አይተናነስም።

«ምን ቀረን?» አሉ ላብ እያጠመቃቸው።

«ፏፏቴው ብቻ» አለ ክንዱ አንገቱን ደፍቶ።

«እሱ ምን ያደርግላቸዋል? ውሃ ነው።»

«ሌላ የለንማ።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል! ባይመጥናቸውም ይቅርታ ጠይቀህ ውሰዳቸው።»

መቼም እንግዳ ብቻውን አይለቀቅምና ኮሚቴው በሙሉ በጭነት መኪና ተከተለ። ጢስ ዓባይ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና ውሃው ገደሉን ሞልቶ ይወርዳል። ራዳ በባዶ እግሯ እያነከሰች ሮጠች። ፏፏቴው ፊት ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷ በውሃው ጢስ ረጠበ፤ ሳቀች። ያን ቀን ሙሉ ስትስቅ ያየናት ያኔ ብቻ ነው።

ጓድ ዳኘው ግን ዝግጅቱ ያለ ንግግር እንዲያልፍ ሕሊናቸው አልፈቀደም። ድንጋይ ላይ ወጡ። አፋቸው ይከፈታል፣ ጣታቸው ይወነጨፋል፤ አንዲት ቃል እንኳ አትሰማም። ክንዱም አጠገባቸው ቆሞ አፉን እየከፈተና እየዘጋ በታማኝነት ተረጎመ። ቤተሰቡ ጀርባውን ሰጥቶን ውሃውን ያያል። ንግግሩ ሲያልቅ ክንዱ ጠቀሳቸው፤ ዞረው ከልባቸው አጨበጨቡ።

ወደ መኪናው ስንመለስ የጓድ ዳኘው ፊት በርቷል።

«እስቲ ልጅቱን ጠይቃት። ዛሬ ካደረግንላት ሁሉ የትኛው ደስ አላት?»

ክንዱ ጠየቃት። ኋላ እንዳጫወተኝ «ሰውየው ድምፁ የጠፋበት» ነው ያለችው።

«የመጨረሻውን ንግግርዎን ነው የወደደችው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

የጓድ ዳኘው ዓይን እንባ አቀረረ።

«አውቄዋለሁ! ግን ያ የውሃ ጫጫታ ግማሹን ሳይውጥባት አልቀረም። ነገ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄጄ፣ ከመግባቷ በፊት ከሀ ጀምሬ እደግምላታለሁ።»

ኮሚቴው ሐሳቡን በጭብጨባ አጸደቀው።