የቀጥቃጩ አንኮላ

ሰው መቼም ያለ ልዩ ዕቃ መኖር አይሆንለትም። ለእንግዳ የሚወጣ ብርሌ አለ፤ ለነፍስ አባት የሚወጣ ዋንጫ አለ፤ ከነዚህ ሁሉ ራቅ ብሎ ደግሞ ማንም እንዳይነካው የሚቀመጥ አንድ ነገር አለ። እናንተ ቤት የለም? እሰይ፣ ደስ ይበላችሁ። ግን ነገ ጧት ስትነሱ ጓዳውን አንዴ ደህና አድርጋችሁ እዩት። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ አሮጊት ነኝ፤ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ካሳመረችው የሷ ነው፤ ካበላሸችውም የሷው ነው።

እኛ ባደግንበት፣ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ የጮቄን ተራራ ተደግፎ በተቀመጠው መንደር፣ ያ የማይነካ ዕቃ አንኮላ ነበር፤ ከቅል የተሠራ የጠላ መጠጫ። ከቤት ውጭ፣ በየሰዉ አጥር ላይ ይሰቀላል። ባለቤቱ አያ ዘለቀ ነው፤ የመንደሩ ቀጥቃጭ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው ሁሉ ከሱ እጅ ነው የሚወጣው። ታዲያ ሥራውን ሊያስረክብ ሲመጣ አንኮላውን ራሱ ከአጥሩ ያወርዳል፤ እናቴ እንዳይነካት ተጠንቅቃ ከላይ ታንቆረቁርለታለች፤ ቆሞ ይጠጣል፤ መልሶ ይሰቅላል። ቡዳ ነዋ! ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይዞራል ይባል ነበር። እሱ በሠራው ቢላዋ የተቆረጠውን ሥጋ እየበላን፣ እሱ የቆረሰውን እንጀራ እንፈራለን። አያስቅም? ያኔ አላሳቀንም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ፣ ከወንዶቻችን ግማሹ ጫካ በገባበት ዘመን ነው። ጭነት ይዞ ከሚያልፍ የጣሊያን ጦር አንድ በቅሎ ነጂ ከዓባይ በረሃ ንዳድ ይዞት ወጥቶ ኖሮ፣ እኛ መንደር ሲደርስ ተዝለፈለፈና ጥለውት ሄዱ። ተርፋሳ የሚባል የወለጋ ሰው ነው። የጣሊያን አሽከር ነው ብለን ሁላችንም አለፍነው። አያ ዘለቀ ተሸክሞ ቤቱ አስገባው። ሰዉም፣ “ጅቡ ምሳውን ይዞ ገባ” አለ።

ተርፋሳ አልተበላም፤ ዳነ። ሲድን ደግሞ ጉዱ ወጣ። ማተብ የለውም፤ መስቀል አይሳለምም፤ ጠላ አይቀምስም። የሚሲዮን ሃይማኖት የያዘ ሰው ነው። እስከ ትናንት ቡዳ ብቻ የነበረበት ቤት፣ አሁን ቡዳና ጸረ ማርያም ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ሆነላችሁ!

ተርፋሳ ወናፍ እየነፋ ስላገሩ ያወራል። ጣሊያን ፈረንጆቹን ሰባኪዎች ሲያባርራቸው፣ እሳቱ ይጠፋል የተባለው ነገር ጭራሽ ነደደ ይላል። ሰዉ ራሱ በየጎጆው እየተሰበሰበ መጽሐፉን ማንበብ፣ መዘመር ያዘ። ሴቶች ፊደል ቆጠሩ፤ ሰካራሙ ጋኑን ሰበረ፤ ጌታና ባሪያ ካንድ ገበታ ቀረቡ። አያ ዘለቀ ሁሉንም ሰማ፤ ልቡን የያዘችው ግን አንዲት ነገር ናት።

“ካንድ ገበታ? ቀጥቃጭም?”

“ቀጥቃጭም። እኔ ራሴ የሸክላ ሠሪ ልጅ አይደለሁ?”

በቀጣዩ ሮብ አያ ዘለቀ ገበያ የወጣው ማጭድ ይዞ አልነበረም፤ የቤቱን ዕቃ ሊሸጥ ይዞ ነው። ሚስቱን እታለም ደብሬን ይዞ ከተርፋሳ ጋር ወለጋ ሊገባ ቆርጧል። መንደሩ ያኔ ነው የባነነው። ሰኔ ገብቷል፤ ማረሻው ሁሉ ዶልዱሟል፤ አምበር ከተማ ያለው ሌላ ቀጥቃጭ ዘንድ እንዳይኬድ መንገዱን ጣሊያን ይዞታል። ያላረሰ መንደር ደግሞ ምን በልቶ ሊከርም ነው? ጫካ ላሉትስ ምን ሊልክ ነው? ሽማግሌ ተላከበት። መልሱ አጭር ነበር፤ “ቤቴ ገብታችሁ ከገበታዬ ከበላችሁ እቀራለሁ።”

እዚህ ላይ ነው ቄስ አድማሱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መላ ያመጡት። “ሮብ እንሂድ” አሉ። ሮብ ጾም ነው። በጧቱ እንገባለን፤ ገበታ ሲቀርብ፣ “ጾም ነው፤ እንደበላን ቁጠረው” ብለን መርቀን እንወጣለን። አባቴ በደስታ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው።

ሮብ ጧት አባቴ፣ ቄሱና ሁለት ጎረቤቶቻችን ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ቄሱ የተዘጋጁባትን ተናገሩ። እታለም ደብሬ ሞሰቡን እንደ ተከደነ አኖረችውና፣

“እኔም ጾመኛ ነኝ፣ አባ” አለች። “ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ከዛፉ ሥር አረፍ በሉ። ሽሮ ነው፤ ዘይቱም የኑግ ነው።”

ምን ይባላል? ወጥተው ተቀመጡ። ያኔ ሰዓት በጥላ ነው፤ ቄሱ ቆመው የራሳቸውን ጥላ በእግራቸው ይለካሉ። ይለኩና፣ “ገና ነው” ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ “ገና ነው።” ከሰዓት በኋላ ደመና መጣና ጥላው ጠፋ። የአባቴ ፊት እንዴት እንደ በራ ብታዩ! ጥላ ከሌለ ዘጠኝ ሰዓት የለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሌለ ሽሮ የለም። ተርፋሳም አብሯቸው ተቀምጧል፤ በሱ ሃይማኖት ሮብ ይበላል አሉ፤ እሱ ግን እህል ሳይቀምስ ዋለ። ደመናው ተገፈፈ። የቄሱ ጥላ ረዝሞ አጥሩ ላይ ወጥቷል። ከዚህ በላይ፣ “ገና ነው” ማለት አልተቻለም።

ገበታው ዙሪያ ተቀመጡና ማንም እጁን አልዘረጋ። አያ ዘለቀ አያቸውና ሳቀ።

“ኧረ ብሉ! እኔ ጅብ ብሆንማ ይሄ ሁሉ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ በደህና ያድር ነበር?”

አባቴ ቆረሰ። አላመጠ፣ ዋጠ፣ ከዚያ ሆዱን እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን አዘነበለ። ምንም የለም። ደገመ። ቄሱ ባርከው በሉና፣ “ጨው አንሶታል፣ ደብሬ” አሉ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ትስቅ ነበር። የሰው ቤት በልቶ ጨው አነሰ የሚል ዘመድ ብቻ ነዋ!

ይኸው በዚህ ባለቀ እንዴት ባማረ። ጠላው መጣ፤ ዋንጫው ዞሮ ዞሮ ተርፋሳ ጋ ሊደርስ ሲል ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “የሱ እንኳ ለብቻው ቢሆን...” አንዱ ጎረቤት ብድግ ብሎ ሮጠ፤ ከራሱ ቤት አጥር ላይ ምን አውርዶ ቢመጣ ጥሩ ነው? ያንኑ የአያ ዘለቀን አንኮላ! ተርፋሳ የለመደ ሰው ነው፤ “ውኃ ከሆነ እጠጣለሁ” ብሎ እጁን ዘረጋ።

አያ ዘለቀ ቀደመው። አንኮላውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ ስንጥቁን ያውቀዋል። ውኃ ሞላበት፣ ራሱ ተጎነጨ፣ ለተርፋሳ ሰጠው። ተርፋሳ ጠጥቶ ሲመልስለት፣ ወደ ቄሱ ዞረ።

“እርስዎስ አባ? ቀኑን ሙሉ ጥላ ሲለኩ ፀሐይ ላይ ነው የዋሉት።”

ቄሱ ደንግጠው፣ “ጾም ነው!” አሉ።

ሽሮው ገና ከጢማቸው አልወረደም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ጠጡም።

ተርፋሳ ክረምቱ ሲወጣ አገሩ ገባ። ሃይማኖቱን የተቀበለው አንድ ሰው የለም፤ አያ ዘለቀም በቃሉ እዚያው ቀርቶ እስኪሞት መስቀል እንደተሳለመ ኖረ። ከየአጥሩ ላይ ግን አንኮላ ጠፋ። በርግጥ ቡዳ ነው የሚለው ሐሜት ለመሞት ብዙ ዓመት ፈጀበት፤ ሐሜቱ ሲሞትም ማንም አላለቀሰለትም።

እና አምና ይህች የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ያንኑ የተርፋሳን ሃይማኖት ይዛ ከደብረ ማርቆስ መጣች። ማርያምን ስጠራ ዝም ትላለች፤ ያናድደኛል፤ ይሄንንም ጻፊ ብያታለሁ። አክስቷ ደግሞ ሰማያዊ ኩባያ ለይታ ለብቻ አኖረችላት። ምንም አልተናገርሁም፤ በኔ ዕድሜ ንግግር ያደክማል።

ጨረስሽ? በይ ተነሽና ውኃ አምጪልኝ። በሌላ አይደለም፣ በዚያችው በሰማያዊዋ።