ለቅሶ ያልደረሰው ኤጀንት

ባለቤቴ ጫልቱ ከሞተች ስምንት ወር ሆናት።

ነቀምቴ ውስጥ ነገር ማስረዳት የለመደ ሰው የለም። ማን ምን እንደደረሰበት ሁሉም ያውቃል፤ ታዲያ ማን ለማን ያስረዳል? እኔም ሳላስረዳ ነው ያደግኩት።

የምሠራው መናኸሪያ ነው። የድምፅ ማጉያው በእኔ እጅ ነው። «ወደ አርጆ የምትሄዱ» እያለ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚጣራው ድምፅ የጫልቱ ነው፤ ሳትታመም በፊት የቀዳችው። ልጃችን ሴና ሁለት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አክስቷ ቤት በር ላይ ቆማ አርጆ እስኪጠራ ትጠብቃለች። ቁርስ የምትበላው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጂው በፍላሽ አለኝ። ግን የእሷ እናት ከመናኸሪያው ጣሪያ ላይ የምትናገረው ናት፤ ፍላሽ አሳይቼ አላሳምናትም።

በቅርቡ ማጉያውን የሚቆጣጠር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተገጠመልን። ኤጀንት ይሉታል። ሰዓቱን፣ የድምፁን ከፍታ፣ የከተሞቹን ተራ፣ ተናጋሪውን ራሱ መለወጥ ይችላል። የገጠሙት ሰዎች መመሪያ ጻፍለት አሉኝ። እያንዳንዱ ማስተካከያ ምን እንደሚሠራ፣ እስከ ስንት እንደሚፈቀድ፣ መቼ እንደማይነካ። ያልጻፍክለትን አያውቅም አሉ። እኔ ግን እንደዚህ ያለ ፍጡር አይቼ ስለማላውቅ አላመንኳቸውም።

የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ገጽ ነበር። አለቃዬ ኦቦ ድንቃ አነበቡትና ፊታቸው ጠቆረ። ያ ኦቦሌሶ፣ አንተ ወንድሜ፣ ሰላም ሳትለው ነው እንዴ የምታዘው፣ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው አሉኝ። ስለዚህ አናቱ ላይ «አካም ቡልቴ፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ ደህና?» ብዬ የጠዋት ሰላምታ ጨመርኩ። ኤጀንቱም በማግስቱ ሪፖርት ላከ፦ ማጉያው ደህና ነው፤ የከብቶቹ ሁኔታ ግን በማስተካከያው ውስጥ ስላልተገኘ ፍለጋው ቀጥሏል።

ኦቦ ድንቃ በዚህ አላበቁም። አንድ ሰው አንዴ አይ ስላለ አይ ማለቱ ነው እንዴ? ወለጋ ውስጥ ብላ ሲሉት መጀመሪያውኑ እሺ የሚል እንግዳ አይተህ ታውቃለህ? ይሉኝታ ነዋ! እያሉ አስጻፉኝ። «አይ ከተባልክ ደግመህ ጠይቅ። በሦስተኛው በሞቴ በል።» ጻፍኩ። አለቃ ናቸው።

«ተናጋሪ» የሚለው መስመር ላይ ደግሞ «አይነካም» ብቻ ብዬ አለፍኩ። ከጎኑ «ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤ ተውኩት። ከትኬት ቆራጩ እስከ ተሸካሚው ምክንያቱን የማያውቅ ማን አለ? ሁሉም ድንኳኔ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ለቅሶ ያልደረሰው የመናኸሪያው ሠራተኛ ኤጀንቱ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ተናጋሪዋ በሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ቅጂው ይንኮሻኮሻል፤ «አይነካም» የተባለበት ምክንያት አልተጻፈም፤ ጥርት ያለ አዲስ ድምፅ ስላለ ይተካ? አይ አልኩት። እንደው ቢተካ? አለኝ። አይ! አልኩት። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? በሞቴ! የማይሞት ነገር በሞቴ ሲለምን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስተኛውን አይ ስፈልግ ስክሪኑ ላይ ያለው «እሺ» ብቻ ሆነ። ለነገሩ ከበሞቴ በኋላ አይ የሚባልበት አገር የት አለ?

መልስ ከዘገየ እንደ እሺ ይቆጥረዋል። የአርጆ መኪና ሊጠራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ሮጬ የማጉያውን ገመድ ነቀልኩት። መናኸሪያው ጸጥ አለ። ኦቦ ድንቃ «ማል ታኤ? ምን ሆነ?» እያሉ ከቢሮ ወጡ። ነገርኳቸው። ከዚያ ገመዱን እስክመልስ ራሳቸው በር ላይ ወጥተው በእጃቸው አፋቸውን ከበው አርጆ! አርጆ! እያሉ ጮኹ። ሴና በዚያን ቀን ቁርሷን አልበላችም።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ተቀመጥን። ከብቱን ሰረዝን። በሞቴን ሰረዝን፤ ኦቦ ድንቃ ትንሽ ከፍቷቸው ነበር። «አይ ማለት አይ ነው» ብለን ጻፍን። «ምክንያት» ላይ ስደርስ እሳቸው ወጣ ብለው መኪና መቁጠር ጀመሩ። እኔም ጻፍኩ፦ «ይህ የባለቤቴ ድምፅ ነው። ሞታለች። ልጃችን በየጠዋቱ ትሰማዋለች።» ለሰው ጽፌው አላውቅም ነበር።

ኤጀንቱ ተቀበለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው አለ። የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ምክንያት የሚያበቃው መቼ ነው? ዓመቱን ያስገቡ።

ባዶ ስተወው እምቢ አለ። ሳጥኑ የሚቀበለውን ትልቁን ዓመት ፈለግኩ፤ 9999 ነው። አስገባሁ። በፈረንጆች ነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር? አለኝ።

በኢትዮጵያ የሚለውን መረጥኩ። ሰባት ዓመት ያስጨምራል።