ልደታ ያለውን ኮምፒውተር ከሜክሲኮ ማዘዝ

ዓይን አፋር ሰው የሚናገረው የሌለው ይመስላችኋል። አለው። ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቢናገረው ይመርጣል። ስልኩ ጠርቶ እስኪያበቃ ጠብቆ «ደውለህ ነበር?» ብሎ በጽሑፍ የሚመልስ ሰው ካወቃችሁ፣ እኔን አወቃችሁኝ ማለት ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ድረስ ስንት ፌርማታ እንዳለፍኩማ አልነግራችሁም።

የአይሲቲ መምህራችን «እያንዳንድህ ክፍሉ ፊት ቆመህ ታቀርባለህ፤ ከሃያ ይያዛል» ሲሉ ያን ቀን የምቀርበትን ሰበብ መፈለግ ጀመርኩ። በኋላ ግን መላ አገኘሁ። ርዕሴን «ቤት ያለን ኮምፒውተር ከሩቅ ማዘዝ» አልኩት። ሜክሲኮ ካለው ትምህርት ቤታችን ሆኜ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለውን የቤታችንን ኮምፒውተር በኢንተርኔት እከፍታለሁ፤ ማብራሪያውም እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል። ተማሪው ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስል ያያል። እኔን የሚያየኝ የለም!

ቀኑ ደረሰ። ከክፍለ ጊዜው በፊት ስሞክረው «ማገናኘት አልተቻለም» አለኝ። የይለፍ ቃሉን አየሁ፤ ልክ ነው። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር አጥፍቼ አበራሁ። አራተኛ ፎቅ ያለው ቤታችን ድረስ የሚወጣውን የኢንተርኔት ገመድ ጠረጠርኩ፤ አይጥ በልቶት ይሆናል አልኩ። በመጨረሻ ቤት ደወልኩ።

«እማዬ፣ ኮምፒውተሩ በርቷል?»

«ነቅዬዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሰማዩን አላየኸውም እንዴ? ጠቁሯል እኮ!»

እናታችሁ የማትነቅል ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። እኛ ቤት ደመና ሲሰበሰብ ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ራውተሩም ይነቀላል፤ ከዚያ እስኪያባራ ቁጭ ብለን እርስ በርስ እንተያያለን።

«በናትሽ እማዬ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ራውተሩንም እሱንም ሰክተሽ አብሪልኝ።»

«መብረቅ ቢመታውስ?»

«አይመታውም።»

«ነግሮሃል?»

እያጉረመረመች ሰካቻቸው።

ክፍለ ጊዜው ሲጀመር የቤታችን ኮምፒውተር ግድግዳው ላይ ወለል ብሎ ታየ። አርባ ተማሪ «ዋው!» አለ። የማውሷን ቀስት ወዲያ ወዲህ አንሸራሸርኳት። ማንም አላየኝም። ገነት ይኼ ነው እያልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ላውድ ላይ አድርገው፤ ሁላችንም እንስማ» አሉ መምህሩ።

«አቡሽዬ! ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰው ገብቷል! ቀስቷ ብቻዋን እየሄደች ነው!»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«አንተ ትምህርት ቤት ነህ!»

አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። «አቡሽዬ» ከዚያ ቀን ወዲህ የክፍሉ ንብረት ሆኗል። እንድታምነኝ ብዬ ቶሎ «እማዬ እኔ ነኝ» ብዬ ስክሪኑ ላይ ጻፍኩላት።

«አየህ! አንተን መስሎ ይጽፋል!»

ይኼኔ ነጎድጓዱ ሜክሲኮ ላይ ጓ አለ። የሜክሲኮና የልደታ ሰማይ አንድ ነው። በልቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ግድግዳው ጠቆረ።

«ምን ተፈጠረ?» አሉ መምህሩ። ምስል የለም፤ አርባው ጥንድ ዓይን እኔ ላይ አረፈ።

«እናቴ ነቀለችው።»

ከኋላ አንዷ «የእኔም እናት ትነቅላለች!» አለች። ሌላው «የእኛማ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር ነው!» አለ። መብረቅ በኢንተርኔት ገመድ ይገባል ወይ? ሌባስ በዚያው ይገባል ወይ? ጥያቄው ዘነበ፤ እኔም መለስኩ። ደወል ሲደወል ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ማውራቴ ገባኝ።

መምህሩ ደብተራቸውን ገልጠው «ላንተ ከሃያ አስራ አራት» አሉኝ። «ለእናትህ ግን አስራ ዘጠኝ እሰጣቸው ነበር። የማያውቁት ሰው ሲገባ ባዩ በደቂቃ አቋረጡት። አንዷን የቀነስኩት ሳያጠፉ ስለነቀሉት ነው።»

ትስቃለች ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን አቆመችና ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«መምህርህ ነገ ስንት ሰዓት ይገኛሉ?»

«ለምን?»

«ያቺን አንዷን ላስመልስ ነዋ! ሰማዩ እየጮኸ ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚያጠፋው?»