ስምንት ካርድ፣ አንድ ስም

[አሶሳ፣ የዳበሳ ኮምፒውተር መጠገኛ። ጠረጴዛው ላይ «ዘጠኝ»፣ «አስር»፣ «አስራ አንድ» የተባሉ ሦስት ካርቶኖች አሉ። «ዘጠኝ» ለኮምፒውተር ስክሪን ምስል በሚያወጣ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ጢም ብሏል፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ኻሚስ ኮምፒውተሩንና አንድ ካርድ ይዞ የመጣ የኩርሙክ አናጢ ነው።]

ዳበሳ፦ ዘጠኝ ነው አልኩህ፣ ዘጠኝ!

ኻሚስ፦ ዘጠኝ ምን? ኪሎ?

ዳበሳ፦ ሽንኩርት መሰለህ? ዳይሬክት ኤክስ ዘጠኝ! ፕሮግራም ካርድን የሚያናግርበት ቋንቋ ነው። የድሮ ካርድ ዘጠኝን ብቻ ይሰማል፤ ሻል ያለው አስርን፤ ደህናው አስራ አንድን። ያንተ የስዕል ፕሮግራም አስራ አንድ ይፈልጋል፤ ካርድህ ደንቆሮ ነው።

ኻሚስ፦ እኔ ቤት የበርታ ቋንቋ፣ ገበያ አረብኛ፣ እዚህ አማርኛ እናገራለሁ። ካርድ ከኔ ያንሳል?

ዳበሳ፦ ካርዱስ ቢያንስ አይጨቃጨቅም!

ኻሚስ፦ ወላሂ፣ ሐሙስ የመስጊዱን በር ስዕል ለሽማግሌዎቹ ካላሳየሁ ሥራው ለሌላ አናጢ ይሄዳል። አንተ ሌላ ካርድ የለህም?

ዳበሳ፦ ያሉኝን ሰባቱንም ሞከርኩልህ እኮ! [ከካርቶኑ እያነሳ] ይሄ፣ ዘጠኝ። ይሄ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ዘጠኝ። ይሄ እንደ ጡብ የሚከብደው፣ ዘጠኝ! ሁሉንም ኮምፒውተርህ ላይ ሰክቼ መረመርኩ። ያንተንም መልሼ ሰካሁት፤ ያው ዘጠኝ።

ኻሚስ፦ ትልቁም ትንሹም?

ዳበሳ፦ ተማር የሚባለው ለዚህ ነው! ካርድ በቁመት አይለይም፤ በምርመራ ነው።

ኻሚስ፦ [ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ] ይሄ የተጻፈው የካርዱ ስም ነው?

ዳበሳ፦ ጎሽ፣ ማንበብ ጀመርክ!

ኻሚስ፦ ቅድም ጡብ የመሰለው ሲሰካም ይሄው ስም ነበር። ማራገቢያ ያለውም።

ዳበሳ፦ አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ናቸዋ!

ኻሚስ፦ እኔ ሰባት ልጅ አለኝ። አባታቸው አንድ ነው፤ ስማቸው ግን ሰባት ነው።

ዳበሳ፦ አሁን ልጅና ካርድ ይወዳደራል? አቤት አናጢ! እንጨት ስትልግ ጭንቅላትህንም አብረህ ላግከው?

[ኻሚስ ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ይዞራል።]

ኻሚስ፦ ዳበሳ፣ የስክሪኑ ገመድ ካርዱ ላይ አይደለም። ከላይ የሳጥኑ የራሱ ቀዳዳ ላይ ነው ያለው።

ዳበሳ፦ እና? ስክሪኑ በራልህ አይደል?

ኻሚስ፦ በራ። ግን ሳጥኑም የራሱ ምስል ማውጫ አለው ማለት ነው፤ እኛ እሱን ነው የጠየቅነው። ካርዱን ማን ጠየቀው?

ዳበሳ፦ አትንካ! ታቃጥለዋለህ!

[ኻሚስ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ገመዱን ካርዱ ላይ ይሰካል፤ መልሶ ያበራል። ዳበሳ እጁን አጣጥፎ ሊስቅ ተዘጋጅቷል።]

ኻሚስ፦ ስሙ ተቀየረ። እዚህ ጋ ደግሞ... አስራ አንድ ይላል።

[ፕሮግራሙ ይከፈታል። የመስጊዱ በር ከነጌጡ ስክሪኑ ላይ ወለል ይላል። ዳበሳ ወንበር ላይ ዘፍ ይላል።]

ኻሚስ፦ ምነው? እኔ ደስ ሲለኝ አንተ ታመምክ?

ዳበሳ፦ ትናንት... አርባ ካርድ «ዘጠኝ ነው» ብዬ ለቆራሌው ሰጠሁት።

ኻሚስ፦ ሱብሃነላህ! በነጻ?

ዳበሳ፦ «ይሄን ቆሻሻ ውሰድልኝ» ብዬ ለምኜው! እኔ ሞኝ! እሱ ማይም አሁን መዳብና ብረት ብሎ እየፈለጠው ይሆናል!

ኻሚስ፦ አይፈልጠውም። መናኸሪያው በር ላይ በሦስት ረድፍ ደርድሮ እየሸጠ ነው። የኔን ካርድ ከእሱ ነው የገዛሁት።

ዳበሳ፦ [ሦስቱን ካርቶኖች እያየ] ቆራሌው? በሦስት ረድፍ?

ኻሚስ፦ አዎ። «ገመዱን ካርዱ ላይ ሰካ፤ ጠጋኝ ጋ አትሂድ» ብሎ መክሮኝ ነበር። እኔ ግን «ቆራሌ ምን ያውቃል?» ብዬ ንቄው፣ አንተ አዋቂው ጋ መጣሁ።